ከጋዝ ምድጃ ጀርባ ያለው ግድግዳ ምን ይልበስ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ኪችኗን እንደ አዲስ እያሠራች ነው። ካቢኔቶቹ እጀታ የሌላቸው፣ ጠቆር ያሉ ናቸው። ካውንተሩ ነጣ ያለ ኳርትዝ ነው። የጋዝ ምድጃው ግድግዳውን ተጠግቶ ይገባል፣ ሲንኩ ደግሞ በመስኮቱ በኩል ነው። ከካውንተሩ እስከ ላይኛው ካቢኔት ያለው ግድግዳ ቁመቱ 60 ሴንቲሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር ነው። እሷ ሙሉ መስታወት ወዳለች፣ ትንንሽ ሞዛይክም ዓይኗን ስቦታል። ባለቤቷ እብነ በረድ ይላል። ካቢኔት ሠሪው ደግሞ «የሚያብረቀርቅ አክሪሊክ ልጠፉበት፣ በአንድ ቀን እጨርስላችኋለሁ» ብሏታል። «የቱን ልምረጥ?» ትላለች።

እህቴ፣ ይህን ግድግዳ አብዛኛው ሰው በዓይኑ ነው የሚመርጠው። ሱቅ ይገባል፣ ጥሩ መብራት የበራበት ናሙና ያያል፣ ይወደዋል፣ ያዛል። ናሙናው ላይ ግን ዘይት ተፈናጥቆበት አያውቅም። ከአጠገቡም እሳት አልነደደም። እኔ የምጀምረው ከሁለት ጥያቄ ነው፦ እሳቱ የት ነው? መገጣጠሚያው ስንት ነው? ቀለሙና ማብረቅረቁ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ሁለቱን በደንብ ከመለስሽ ከዘረዘርሻቸው ውስጥ ግማሹ ራሱ ይወድቃል።

ከእሳቱ እንነሳ።

አክሪሊኩን ተዪው። ከጋዝ ምድጃ ጀርባ ፈጽሞ አይለጠፍም። አክሪሊክ ፕላስቲክ ነው። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ይለሰልሳል፣ እሳት ካገኘው ደግሞ ይነድዳል። ፒቪሲ የሚባለው ሌላው ፕላስቲክ ከዚያም ቀድሞ፣ በ80 ዲግሪ አካባቢ መልኩን መቀየር ይጀምራል። ይህ ብዙ ሊመስልሽ ይችላል፣ ግን አይደለም። ሰፊ ድስት በኋለኛው እሳት ላይ ጣጂና እሳቱን ከፍ አድርጊው፤ ነበልባሉ ከድስቱ ሥር ታጥፎ በጎን ይወጣና ወደ ግድግዳው ይዘረጋል፣ ድስቱ እስኪወርድ ድረስም ያንኑ አንድ ቦታ ሲጠብስ ይቆያል። ካቢኔት ሠሪሽ ክፉ አስቦ አይደለም። አክሪሊክ ቀላል ነው፣ በመጋዝ ይቆረጣል፣ ቶሎ ያልቃል። ምድጃው ከዚያ ግድግዳ ርቆ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተከራከርኩ ነበር።

ላሚኔት፣ ተለጣፊ ስቲከርና እንጨት ላይም ፍርዴ ያው ነው። ከሲንኩ ጀርባ ይቻል ይሆናል፣ ከጋዝ ጀርባ አይሆንም። የአሉሚኒየም ኮምፖዚት ፓኔል ሲሉሽም ተጠንቀቂ። ፊቱ ብረት ስለሆነ ያታልላል፣ መሃሉ ግን ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው። እሳት የሚቋቋም ዓይነት አለ፣ በወረቀት ካላሳዩሽ ግን አትመኚ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር አለ። ፊት ለፊት የሚታየው ብቻ ሳይሆን ከኋላው ያለውም ይቆጠራል። ስቴይንለስ ስቲልም ሆነ መስታወት አይቃጠሉም፣ ሙቀቱን ግን ወደ ኋላ ያሳልፋሉ። ከኋላቸው ኤምዲኤፍ ወይም ኮምፔንሳቶ ከተለጠፈ ያ እንጨት ለዓመታት ሲደርቅና ሲጠቁር ይኖራል። ስለዚህ ከምድጃው ጀርባ ከፊቱ እስከ ግድግዳው ድረስ የማይነድድ ነገር ይሁን። የልስን ግድግዳ ወይም የሲሚንቶ ቦርድ ይሻላል።

ርቀቱን ደግሞ ከሠራተኛ አትጠይቂ። ከምድጃው ጋር የመጣውን መመሪያ ክፈቺ። ከእሳቱ እስከ ኋለኛው ግድግዳ፣ ከእሳቱ እስከ ጎን ካቢኔት፣ ከምድጃው ፊት እስከ ጭስ መሳቢያው ድረስ ስንት መሆን እንዳለበት እዚያ ላይ ተጽፏል። ለጋዝ የጭስ መሳቢያው ከፍታ አብዛኛውን ጊዜ ከ65 እስከ 75 ሴንቲሜትር ነው፣ የመጨረሻው ቃል ግን የአንቺው መመሪያ ነው። ልባስሽ 60 ሴንቲሜትር ላይ የሚያልቅ ከሆነ ከምድጃው በላይ እስከ ጭስ መሳቢያው ድረስ መቀጠሉን አትርሺ። ያንን ቁራጭ በልኩ ውስጥ ሳያስገቡ ዕቃ የሚያዙ ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ መገጣጠሚያው።

ሴራሚክ አይቆሽሽም፤ የሚቆሽሸው በመሃሉ የሚገባው ግራውት ነው። ተራው ግራውት ሲሚንቶ ነው፣ ሲሚንቶ ደግሞ ፈሳሽ ይመጥጣል። ዘይት የያዘ እንፋሎት በየቀኑ ይገባበታል። ዘይት በሙቀትና በአየር ሲቆይ ይወፍራል፣ ይጣበቃል፣ በመጨረሻም እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል። ያኔ በሳሙና አይወጣም። በሽቦ ሲፈትጉት ደግሞ ግራውቱ ይበላል፣ ይሻክራል፣ ቆሻሻውን ይብስ ይይዛል።

እስቲ የአንቺን ግድግዳ እንለካው። 3 ሜትር በ60 ሴንቲሜትር፣ ማለትም 1.8 ካሬ ሜትር ነው። 2.5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ሞዛይክ ብትለጥፊበት የመገጣጠሚያው ርዝመት ተደምሮ 140 ሜትር ገደማ ይሆናል። 7.5 በ15 የሆነችው ታዋቂዋ ትንሽ ሴራሚክ ወደ 32 ሜትር ትወርዳለች። 30 በ60 በአግድም ቢለጠፍ 5.4 ሜትር ነው። 60 በ120 የሆነ ፖርሴሊን፣ ማለትም በከፍተኛ ሙቀት የተተኮሰ ጠንካራ ሴራሚክ፣ በርዝመቱ ብታጋድሚው ቁመቱ ከግድግዳሽ ጋር እኩል ስለሆነ አግድም መስመር የለውም። የሚቀሩት ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች ብቻ ናቸው፣ ሁለቱ አንድ ላይ 1.2 ሜትር። ያው ግድግዳ፣ ያው ምድጃ፣ ያው ዘይት ነው። አንዱ ቤት 140 ሜትር ሲፈትግ ሌላው ቤት 1.2 ሜትር ይወለውላል።

ሞዛይክ አትውደጂ እያልኩሽ አይደለም። ከምድጃው ርቆ፣ ለምሳሌ በመስኮቱ ዙሪያ ያምራል። ከጋዙ ጀርባ ግን በየሳምንቱ ትጠይኛለሽ።

ግራውት የግድ ከሆነ ከምድጃው ጀርባ ኤፖክሲ፣ ማለትም በሲሚንቶ ፈንታ ከሬዚን (ፕላስቲክ መሰል ሙጫ) የሚሠራው፣ ይሁን። ኤፖክሲ ዘይትም ውሃም አይመጥም። ከባዱ ነገር ሥራው ነው። ቶሎ ይደርቃል፣ ሴራሚኩ ላይ የቀረው ወዲያው ካልታጠበ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ስለዚህ ሠርቶበት የሚያውቅ ሰው ፈልጊ፣ የሠራውንም ቦታ ሄደሽ እዪ። የሲሚንቶውን ከመረጥሽ ነጩን ተዪውና መካከለኛ ግራጫ ውሰጂ። ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ መከላከያ ፈሳሽ ይቀባበት፣ ቅቡም በየጊዜው እንደሚታደስ እወቂ።

ባለቤትሽ ወደሚወደው እብነ በረድ ልምጣ። ውበቱን አልክድም። ችግሩ ከምን እንደተሠራ ነው፤ አብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ይህ ደግሞ አሲድ ሲነካው ይበላል። ሎሚ፣ አቼቶ፣ የቲማቲም ጭማቂ ይበቃዋል። አንድ ጠብታ ሎሚ በተወለወለ ናሙና ላይ ጣሉና አምስት አስር ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያ ጥረጉትና ናሙናውን ወደ መስኮቱ አዘንብላችሁ በጎን እዩት። ቀለሙ አልተቀየረም፣ ግን የጠብታዋ ቅርጽ ልክ ደብዝዞ ይታያል። ያ እድፍ አይደለም፤ የድንጋዩ ፊት ራሱ ተበልቷል፣ በመታጠብ አይመለስም። ሻጩ «መከላከያ ይቀባል» ይላችኋል። መከላከያው ዘይትና ቀለም ወደ ውስጥ እንዳይሰርግ ያግዛል እንጂ አሲዱን አያስቆምም። ይህን አውቆ «ይደብዝዝ፣ እንደዚያም እወደዋለሁ» የሚል ሰው አለ። እንዲህ ላለው ሰው እብነ በረድ አልከለክልም። ያን ጊዜም የተወለወለውን ሳይሆን ፈዘዝ ያለውን እመክራለሁ፣ ጠባሳው ብዙም አይታይበትም። በአንድ ቤት ግን ሁለታችሁም መስማማት አለባችሁ።

ግራናይት አሲዱን ይችላል፣ ለዚህ ቦታ ጠንካራ ነው። ክብደቱና የግድግዳው አቅም ብቻ ይታሰብበት።

«ካውንተሩ ኳርትዝ ከሆነ እሱኑ ወደ ላይ ብንቀጥለውስ?» ብለሽ ሳትጠይቂኝ አትቀሪም። ከሲንኩ ጀርባ ጥሩ ነው። ከጋዙ ጀርባ አልወደውም። ኳርትዝ ካውንተር የተፈጨ ድንጋይ በሬዚን ተጣብቆ የሚሠራ ነው፣ ሬዚኑ ደግሞ ሙቀት ይጎዳዋል። በ150 ዲግሪ አካባቢ ቀለሙ ሊቀየር፣ አንዳንዴም ሊሰነጠቅ ይችላል። በቀጥታ ፀሐይ የሚመታው ነጭ ኳርትዝም ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሊያወጣ ይችላል፣ አንቺ ደግሞ መስኮት አለሽ። ሌላም አለ፣ የሠራተኛውን ነገር ማለቴ ነው። ኳርትዝ በደረቁ ሲቆረጥ የሚወጣው አቧራ ሲሊካ ነው፣ ሳንባ ያበላሻል፣ የተበላሸውም አይድንም። አውስትራሊያ በዚሁ ምክንያት እንዲህ ያለውን ሰው ሠራሽ ድንጋይ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ አግዳለች። ድንጋይም ሆነ ፖርሴሊን ቤትሽ ውስጥ የሚቆረጥ ከሆነ ውሃ እየፈሰሰበት ይቆረጥ፣ የሚቆርጠውም ሰው ደህና ማስክ ያድርግ። እኔ ያለዚህ ሥራ አላስጀምርም፣ አንቺም አታስጀምሪ።

መስታወቱ፣ የአንቺ ምርጫ፣ መጥፎ ምርጫ አይደለም። አንድ ወጥ ነው፣ ግራውት የለውም፣ በጨርቅና በፈሳሽ ሳሙና ይጸዳል። ግን ግዴታዎች አሉት። ከጋዝ ጀርባ ቴምፐርድ መሆን አለበት። ቴምፐርድ ማለት ከ600 ዲግሪ በላይ ተግሎ ባንዴ በአየር የቀዘቀዘ መስታወት ነው። ሙቀቱን ይችላል፣ ቢሰበርም በትንንሽ ድቡልቡል ፍርፋሪ ነው የሚፈርሰው። ከዚያ ሂደት በኋላ ግን አይቆረጥም፣ አይበሳም። የሶኬቱ ቀዳዳ፣ የቧንቧው ቀዳዳ፣ የጎኑ ልክ ሁሉ አስቀድሞ ነው የሚሠራው። ሶኬቱ 5 ሚሊሜትር ቢሳሳት መስታወቱ ይጣላል፣ ሌላ ይታዘዛል። ልኩ የሚወሰደውም ካውንተሩና ካቢኔቱ ገብተው ካለቁ በኋላ ነው፣ ከፕላን ላይ ፈጽሞ አይወሰድም። ይህ ማለት አንድ ሁለት ሳምንት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ባዶ ግድግዳ ይዘሽ ታበስያለሽ።

የተለመደው ውፍረት 6 ሚሊሜትር ነው። አንድ ካሬ ሜትሩ 15 ኪሎ ይመዝናል፣ የአንቺ ግድግዳ በጠቅላላ 27 ኪሎ ማለት ነው። ነጭ ወይም ክሬም ቀለም ከፈለግሽ «ብረቱ የቀነሰ» የሚባለውን እዘዢ። ተራው መስታወት ውስጡ ባለው ብረት የተነሳ አረንጓዴ ይመታል፣ ነጩን ቀለም ያበላሸዋል። ጥቁር ካማረሽ ደግሞ የደረቀ የውሃ ጠብታና የጣት አሻራ ሁሉ እንደሚታይበት አስቢ። ከላይኛው ካቢኔት ሥር የኤልኢዲ መብራት ካለሽም ልብ በይ፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ አምፖሎቹን አንድ በአንድ እንደ ነጠብጣብ መልሶ ያሳይሻል። ወይ መብራቱ ላይ ማደብዘዣ ሽፋን ይደረግ፣ ወይ ፈዘዝ ያለ ፊት ምረጪ።

ማጣበቂያው ላይም ዓይንሽን ጣይ። ሲሊኮኑን ሲከፍቱት አቼቶ አቼቶ ከሸተተሽ አስቁሚ። ያ አሲድ የሚለቀው ዓይነት ነው፣ ከመስታወቱ ጀርባ ያለውን ቀለም ሊያበላሽ፣ እብነ በረድንም ሊጎዳ ይችላል። «ኒውትራል» ተብሎ የተጻፈበት ነው የሚፈለገው።

ስቴይንለስ ስቲል ለምድጃ ጀርባ ከምወዳቸው አንዱ ነው። ሬስቶራንቶች የሚጠቀሙት በከንቱ አይደለም። 304 የሚባለው ደረጃ ይበቃል፣ ቤትሽ ባሕር ዳርቻ ከሆነ ግን 316 ነው ጨዋማውን አየር የሚችለው። ማግኔት ይዘሽ ሂጂ፤ ሉሁ ላይ ጥብቅ ብሎ ከያዘ ርካሹ 430 የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። መቧጨሩ አይቀርም። የተቦረሸ ፊት ያለውን ከወሰድሽና ሁልጊዜ በመስመሩ አቅጣጫ ከወለወልሽው ግን ጭረቱ ከመስመሩ ጋር ይመሳሰላል። በረኪና አታስነኪው፣ ክሎሪኑ ትንንሽ ጉድጓድ ያወጣበታል። ሙሉውን 3 ሜትር በብረት መሸፈን ለቤት ይቀዘቅዛል ብዬ ነው የማስበው፣ ይህ ግን የኔ ዓይን ነው።

ቀለም ብቻ የተቀባ ግድግዳ? ከምድጃው ራቅ ብሎ፣ በሚታጠብ ቀለም ከሆነ ይሁን።

ታዲያ ለአንቺ ቤት ምን ልበል? ፖርሴሊን ነው የምለው፣ ትልቁን። ገንዘቡ ካለ እስከ 3.2 ሜትር የሚደርሰውን 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሙሉ ሉህ አንድ ወጥ አድርጊው። ፖርሴሊን ውሃ የመምጠጥ አቅሙ ከ0.5 በመቶ አይበልጥም፤ ከ1,200 ዲግሪ አካባቢ እቶን ወጥቶ የመጣ ነገር ስለሆነ የምድጃሽ እሳት ምንም አያደርገውም። ሎሚም አይበላውም። ባለቤትሽ የሚወደው የእብነ በረድ መልክ ታትሞበት ይገኛል፣ ስለዚህ እሱም አይከፋውም። የሉሁ ዋጋ ከከበደሽ 60 በ120፣ ጠርዙ በማሽን የተስተካከለውን፣ ባለ 2 ሚሊሜትር መገጣጠሚያ አድርገሽ በኤፖክሲ ግራውት ሙዪው። ሁለቱን መስመሮች ሲያከፋፍሉ ከምድጃው ጀርባ እንዳያርፉ አድርጊ፤ ሙሉው ሴራሚክ ከእሳቱ ኋላ መሃል ይግባና ቁርጥራጩ ወደ ጫፍ ይሂድ። ይህን ሠራተኛው ራሱ አያስብልሽም፣ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ መደርደር ስለሚቀለው። ማብሰያው በኤሌክትሪክ የሚሠራው ኢንዳክሽን ቢሆን ኖሮ መስታወቱን ወይም ኳርትዙን እንዲህ አልሟገታቸውም ነበር። ነበልባል ስለሌለ ግድግዳው የሚሞቀው በጣም ትንሽ ነው።

ከመግዛትሽ በፊት ግን ግድግዳውን ፈትሺ። 2 ሜትር ቀጥ ያለ ነገር፣ የአሉሚኒየም ዘንግም ይሁን፣ ግድግዳው ላይ አስደግፊና ከኋላው በስልክሽ ባትሪ አብሪበት። ከ3 ሚሊሜትር የበለጠ ክፍተት ካየሽ መጀመሪያ ይስተካከል። ትልቅ ሉህ ጎባጣ ግድግዳ ላይ አይሰነብትም፤ ከኋላው ክፍት ሆኖ ይቀርና አንድ ቀን የድስት ጫፍ ሲነካው ይሰነጠቃል። አሮጌ ቀለም ካለ ይፋቅ። ጂፕሰም ቦርድ ከሆነ የሚሸከመው ክብደት ከሻጩ ይጠየቅ። ተለጥፎ ካለቀ በኋላ ደግሞ በጣትሽ አንጓ እያንኳኳሽ ዙሪያውን ሁሉ ሂጂ። ድፍን ድምፅ ጥሩ ነው፣ የባዶ ዕቃ ድምፅ ከሰጠሽ ሥሩ ማጣበቂያ የለም ማለት ነው። ያኔ ሳትከፍይ ንገሪው።

ሶኬቶቹ ነገር አለባቸው። ግድግዳው በልባሱ ሲወፍር የሶኬቱ ሳጥን ወደ ኋላ ሰምጦ ይቀራል። ረዘም ያለ ብሎን ወይም ማስረዘሚያ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ሶኬቱ ሲነቀል ሲሰካ ይወዛወዛል። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከሴራሚክ ሠራተኛው ጋር አስቀድሞ ይነጋገር፣ ሲሠራም መብራቱ ከቆጣሪው ይጥፋ።

ልባሱ ካውንተሩን በሚነካበት ጥግ ግራውት አይግባ። ሁለቱ በሙቀትና በክብደት ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ፣ ግራውቱም በጥቂት ወራት ይሰነጠቅና ውሃ ወደ ካቢኔቱ ያስገባል። ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ክፍተት ትተው ሻጋታ በሚከላከል ሲሊኮን ይሙሉት።

ጽዳቱ ቀላል ነው፣ በዕለቱ ከሆነ። ምድጃው ሲበርድ ሞቅ ያለ ውሃ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። የቆየ ዘይት ካለ ቅባት ማስለቀቂያ ይነፋበትና ትንሽ ይቆይ፣ ከዚያ ይጠረግ። በረኪናን ከአቼቶም ሆነ ከሌላ አሲድ ጋር እንዳትቀላቅይ፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ስታዢ ከልኩ አሥር በመቶ ያህል ጨምሪ፣ ለቁርጥራጭና ለስብራት። ትልልቁን ከወሰድሽ ደግሞ አንድ ሙሉ ፍሬ ይትረፍሽ። የካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የምርት ስምና የምድብ ቁጥር ፎቶ አንሺው፣ ምክንያቱም ያው ስም ያለው ሴራሚክ በሌላ ዙር ሲመረት ቀለሙ ትንሽ ይለያል። ካርቶኖቹ ቤት ሲገቡም ሁሉም አንድ ምድብ መሆናቸውን ሳታዪ አንዱንም አታስለጥፊ።